ከመድኃኒት በፊት ጥያቄ ይቅደም

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከከተማችን ምሥራቅ፣ ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ጉዞውን የሚፈጽመው ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር ነው። ከእናንተም ውስጥ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የምትኖሩ፣ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ ማታም ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በዚያ ማለፋችሁ አይቀርም። በሰፈሩ ስም የሚጠራውንም ሆስፒታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምናልባት ብዙዎቻችን የማናስታውሰው፣ ሆስፒታሉ በመጀመሪያ ለማን መታሰቢያ እንደ ተሠራ ነው።

ሆስፒታሉ የዛሬውን ስሙን ከማግኘቱ በፊት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፣ ቤተ ሰባቸው በእንግሊዝ አገር በስደት በነበረበት ዘመን፣ በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ሙያ ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም.ም የሕፃናት ነርስነት ምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ብዙ አልቆዩም፤ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም.፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምት ላይ ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ እጅግ የደከሙበት ነው። በ1940ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሥራውን ጀመረ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። ኋላ የፊስቱላን ሆስፒታል የመሠረቱት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን ሲመጡ፣ ሥራቸውን የጀመሩት የአዋላጅ ነርሶችን ትምህርት ለማቋቋም በዚሁ ሆስፒታል ነበር።

ይህን ታሪክ ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ስፍራ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በነርስ ስም መቆሙ፣ ነርስነት አልጋ ማንጠፍና ሙቀት መለካት ብቻ ሳይሆን፣ በትምህርትና በጥንቃቄ የቆመ ሙያ መሆኑን ያስታውሰናል። ከዚህም ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው መድኃኒት መስጠት ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በመጀመሪያ ለነርስነት ለሚማሩት ወጣቶች ነው፤ ነገር ግን እናንተም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ቀን ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ መሆናችሁ አይቀርምና፣ ነገሩ ለእናንተም ጭምር መሆኑን ዕወቁልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ መድኃኒት ምንድን ነው? መድኃኒት ማለት በሰውነታችን ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ሥራ የሚለውጥ ነገር ነው። የሚለውጥ ነገር ደግሞ ወደ መልካም እንደሚለውጥ ሁሉ ወደ ክፉም ሊለውጥ ይችላል። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው የስዊስ ሐኪም ፓራሴልሰስ፣ መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ብሎ አስተምሯል። ይህ ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ኮሶን ለዘመናት ሲያጠጡን፣ ለልጅና ለዐዋቂ ልኩን ለይተው፣ እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣው ከልክለው ነበር። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዐይንን እስከማጥፋት የሚያደርስ መሆኑን ኋላ ሐኪሞች በጽሑፍ አስታውቀዋል። እንግዲህ «ማር ሲበዛ ይመራል» የተባለው ለመድኃኒት ይበልጥ የሚስማማ ቃል ነው።

መድኃኒት ከአፍ ከገባ ወይም በመርፌ ከተሰጠ በኋላ አራት ምዕራፍ ያለው ጉዞ ይጓዛል። በመጀመሪያ ከሆድ ዕቃ ወይም ከጡንቻ ተነሥቶ ወደ ደም ይገባል። ሁለተኛም ደም ተሸክሞት ወደየአካሉ ያደርሰዋል። ሦስተኛ ጉበት ይፈጨዋል፤ ይለውጠዋል። አራተኛም ኩላሊት ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ሁሉም መድኃኒት እነዚህን በእኩል አይከተልም፤ ነገር ግን አራቱን የተረዳ ተማሪ፣ ብዙውን ነገር በራሱ አስቦ ሊደርስበት ይችላል። ለአራስ ሕፃን መድኃኒት በልክ የሚቀነሰው ክብደቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ጉበቱና ኩላሊቱም ገና ስላልጠነከሩ ነው። ሽማግሌም ሲሆኑ ኩላሊት ይደክማል፤ ስለዚህ ጎልማሳውን የሚያድነው መጠን በአረጋዊው ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ሊጎዳ ይችላል። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር እንዳይወሰድ የሚባለው፣ በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን አስሮ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው ነው።

በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀውን ጊዜ ሐኪሞች የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ ይሉታል። 100 የነበረው 50፣ ቀጥሎ 25፣ ከዚያም 12 ከግማሽ እያለ ይወርዳል። የፓራሲታሞል ግማሽ ዕድሜ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በቀን ደጋግሞ ይወሰዳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ግን በዐዋቂ ሰው በአማካይ አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ይህ ቁጥር በቤታችን ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው ተመልከቱ። ፌኖባርቢታል በደም ውስጥ በሚገባ ተጠራቅሞ በአንድ ልክ የሚጸናው ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ሕመምተኛው በሦስተኛው ቀን «ምንም አልጠቀመኝም» ብሎ ቢተወው መድኃኒቱን ሳይፈትነው ተወው ማለት ነው፤ ለብዙ ጊዜ ወስዶት «አሁንስ ድኛለሁ» ብሎ በድንገት ቢያቋርጠው ደግሞ፣ በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ሊነሣበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለሕመምተኛው የሚያስረዳው ማነው? ብዙውን ጊዜ ነርሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከእናንተ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ማዘዣ ሲወጣ አንዱ ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ይመረምራል፤ ሦስተኛው ይፈርማል፤ ማኅተምም ይደረግበታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንዱ ሌላውን እንደ ሌባ ስለሚያየው አይደለም፤ ሰው ሁሉ ይሳሳታልና ነው። እንዲያም ሆኖ ስሕተት ቢገኝ ደብዳቤ ተጽፎ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። በደም ሥር የገባ መድኃኒት ግን በደብዳቤ አይመለስም። ሐኪሙ ቢሳሳት የመድኃኒት ባለሙያው ሊያርመው ይችላል፤ የመድኃኒት ባለሙያው ቢሳሳት ነርሷ ልታርመው ትችላለች፤ ነርሷ ብትሳሳት ግን ከእርሷ በኋላ የቀረው ሕመምተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ በዓለም ሁሉ ያሉ የነርስ ተማሪዎች አምስት ነገሮችን በቃላቸው እንዲያጠኑ ይደረጋል፤ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። በቃል ማጥናቱ ቀላል ነው። በአገራችን ኑሮ ውስጥ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅ ግን ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ትክክለኛው ሰው ነው። በእኛ አገር የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አልማዝ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ቢተኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአባቶቻቸውም ስም ተስፋዬ ሊሆን ይችላል። ነርሷ ከበር ላይ ሆና «አልማዝ!» ብላ ብትጣራ፣ በእንቅልፍና በትኩሳት መካከል ያለች ሴት «አቤት» ትላለች። ስለዚህ «አልማዝ ነሽ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ስምሽ ማነው? አባትሽስ? አያትሽስ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ከካርዱ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። የአልጋ ቁጥር ምስክር አይሆንም፤ አልጋ ይለዋወጣልና።

ሁለተኛው ትክክለኛው መድኃኒት ነው። ካርባማዜፒን ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ ነው፤ ካርቢማዞል ደግሞ ለእንቅርት ዕጢ መቆጣት የሚሰጥ ነው፤ ስማቸው ግን እንደ መንታ ወንድማማች ይመሳሰላል። ብልቃጦችም በቀለምና በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ተማሪዎች ሦስት ጊዜ እንዲያነቡ ይታዘዛሉ፤ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ሲያነሡ አንድ ጊዜ፣ ሲያዘጋጁ ሁለተኛ፣ ለሕመምተኛው ከመስጠታቸው በፊት ሦስተኛ። ጽሕፈቱ የጠፋበትን ወይም ሌላ ሰው በስሪንጅ ቀድቶ ስም ሳይጽፍበት ያስቀመጠውን መድኃኒት መስጠት ፈጽሞ አይገባም። በተለይም ፔኒሲሊን ከመሰጠቱ በፊት «ከዚህ ቀደም ይህ መድኃኒት ጎድቶዎት ያውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያ ደቂቃ ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ትክክለኛው መጠን ነው። በዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ስድስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጄንታማይሲን እንድሰጥ ታዘዝሁ። በካርዱ ላይ ያነበብሁት 300 ሚሊግራም ይላል። በእጄ ያለው ብልቃጥ በ2 ሚሊሊትር ውስጥ 80 ሚሊግራም የያዘ ነው። አንዱን ሰበርሁ፤ ሁለተኛውን ሰበርሁ፤ ሦስተኛውን ሳነሣ ልቤ ፈራ። ለአንድ ትንሽ ሕፃን አራት ብልቃጥ? ይሁን እንጂ ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት አልፏል፤ እኔ ተማሪ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሕፃኑ ሕይወት ይልቅ ይሉኝታዬ ከብዶኝ ጥቂት ቆምሁ። በመጨረሻ ለተረኛዋ ነርስ አሳየኋቸው። እርሳቸውም ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠጉና አንድ ቃል ሳይናገሩ ሐኪሙን ሊቀሰቅሱ ሄዱ። ሐኪሙ የጻፉት 30 ነበር፤ ነገር ግን ከ30 በኋላ ነጥብና አንድ ዜሮ ጨምረውበት፣ ነጥቧ ደብዝዛ ስለ ጠፋች 300 ሆኖ ተነበበ። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ያ መጠን ቢሰጥ ኖሮ የሕፃኑን ኩላሊት ሊጎዳ፣ ጆሮውንም ለዘለዓለም ሊያደነቁረው ይችል ነበር። ሐኪሙ አልተቆጡም፤ እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ምስጋናቸውን ሳይሆን፣ ሳልጠይቅ ልተወው የነበርሁበትን ያን አጭር ጊዜ ነው።

ከዚህ ሦስት ሕጎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍ፤ ከነጥብ በፊት ግን ዜሮ ይጻፍ፤ ግማሽ ሚሊግራም ሲጻፍ 0.5 ተብሎ እንጂ ነጥብና አምስት ብቻ ተደርጎ አይጻፍ። ሁለተኛው፣ የኢንሱሊን መለኪያ የሆነው «ዩኒት» በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ሲጻፍ ከዜሮ ጋር ስለሚመሳሰልና 4 የነበረው 40 ሊመስል ስለሚችል፣ ቃሉ በሙሉ ይጻፍ። ሦስተኛው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ለመስጠት ከአንድ ወይም ከሁለት ብልቃጥ በላይ መስበር ካስፈለገ፣ እጅ ይቁም፤ አፍ ይጠይቅ። ስሌቱም ግልጽ ነው፤ የታዘዘውን መጠን በብልቃጡ ውስጥ ላለው መጠን አካፍሎ፣ ብልቃጡ በያዘው ፈሳሽ ማባዛት ነው። 30 ለ80 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 0.75 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ከአንድ ብልቃጥ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ሠርተው ማመሳከራቸው ነውር የለበትም፤ ሒሳብ ሹሞችስ በየቀኑ የምታደርጉት ይህንኑ አይደለምን?

አራተኛው ትክክለኛው መንገድ ነው። ቶንሲልን ተከትሎ የሚመጣው የልብ በሽታ እንዳያገረሽባቸው፣ ብዙ ልጆቻችን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። ይህ እንደ ወተት የነጣው መድኃኒት በጡንቻ ውስጥ ሲሰጥ ጠባቂ ነው፤ በደም ሥር ቢገባ ግን ይገድላል። ስለዚህ መርፌው ከገባ በኋላ ደም አለመምጣቱን ሳያዩ መግፋት አይገባም። ፖታሲየም ክሎራይድም እንዲሁ ነው፤ በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ ቀስ እያለ ሲገባ ሰውነትን ይጠግናል፤ ሳይበረዝ በደም ሥር ቢገፋ ልብን ያቆማል። ስለዚህ ከሌሎች ብልቃጦች ተለይቶ መቀመጥ ይገባዋል።

አምስተኛው ትክክለኛው ሰዓት ነው። በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ልብ ልንለው የሚገባ አደጋ አለብን። የእኛ ቀን የሚጀምረው ማለዳ ነው፤ የሐኪሙና የሆስፒታሉ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ ሰዓት ይጻፋል። በመዝገቡ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሕመምተኛው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ሊረዳው ይችላል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው። ከዚህም በላይ «በ8 ሰዓት» እና «በየ8 ሰዓቱ» የሚለያዩት በጥቂት ፊደል ነው፤ በመጠን ግን አንዱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ሌላው በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለሕመምተኛው ሲነገር «ጠዋት ቁርስ ከበላህ በኋላ፤ ከቀትር በኋላ፤ ማታ ስትተኛ» እየተባለ ይነገር፤ እርሱም የተነገረውን መልሶ እንዲናገር ይደረግ። መልሶ በትክክል ካልተናገረ አልተነገረውም ማለት ነው።

በእነዚህ በአምስቱ ላይ መጻፍ ይጨመራል። የተሰጠ መድኃኒት ወዲያው ይመዘገባል፤ ሳይሰጥ አስቀድሞ አይመዘገብም። የማታዋ ተረኛ ሰጥታ ሳትመዘግብ ብትሄድ፣ የጠዋቷ ተረኛ አልተሰጠም ብላ ትደግመዋለች። በመሥሪያ ቤታችሁ ያልተመዘገበ ደብዳቤ እንዳልመጣ እንደሚቈጠር ሁሉ፣ በሆስፒታልም ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቈጠራል።

ጥሩ ነርስ ግን ብልቃጡን ብቻ አትመለከትም፤ ሰውየውንም ትመለከታለች። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት በርትቶ እናቲቱን የሚያንቀጠቅጠውን ክፉ ሕመም ለመከላከልና ለማከም ከዚህ የሚሻል መድኃኒት የለም። ነገር ግን ሲበዛ ትንፋሽን ያቆማል። ስለዚህ ድጋሚው ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ ሦስት ነገሮችን ትመረምራለች፤ የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ መሆኑን፤ ጉልበቷ በመዶሻ ሲመታ እግሯ የሚፈናጠር መሆኑን፤ ባለፉት አራት ሰዓቶች ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር ያላነሰ መሆኑን። መድኃኒቱን የሚያስወጣው ኩላሊት ነውና፣ ሽንት ከቀነሰ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሰጥም። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በአጠገቧ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉ ይደክማል። ማቀዝቀዣው በሌሊት መጥፋቱን ያላስተዋለች ነርስ፣ በማለዳ ኃይሉ የደከመ መድኃኒት ልትወጋ ትችላለች።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ቤት እንምጣ፤ በቤት ውስጥ የመጨረሻው እጅ የነርሷ ሳይሆን የእናንተ ነውና።

በመጀመሪያ የመድኃኒቱን ዘመን አንብቡ። በሣጥኑ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። 2024 የሚል ቢሆን፣ በእኛ እስከ ጳጉሜን ያለው 2016፣ ከመስከረም ወዲህ ያለው 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ለልጁ ሊያጠጣው ይችላል።

ሁለተኛ በማንኪያ አትለኩ። በየቤታችን ያለው ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ፓራሲታሞል ለሕፃን የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም ያህል ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 150 ሚሊግራም ይሆናል፤ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘው ሽሮፕ 6 ሚሊሊትር ከሩብ ማለት ነው። ይህን የሚለካው ከሽሮፑ ጋር የሚሰጠው መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ ነው። ዐዋቂዎችም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለት ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ክኒን በላይ መውሰድ አይገባችሁም። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ይኸው ፓራሲታሞል በውስጣቸው ስላለ፣ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው ሳያውቀው ጉበቱን ይጎዳል።

ሦስተኛ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ለሳንባ ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ወር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን፣ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ፈጥኖ እንዲፈጭ ያደርጋል፤ ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ክኒኑ ሥራውን ሳይሠራ ሊቀርባት ይችላል። ይህን ሐኪሙ የሚያውቀው እርሷ ስትነግረው ነው። የቤት መድኃኒት፣ ዳማከሴም ቢሆን፣ ይነገር። እርግዝና ካለ ይነገር። የስኳር ሕመምተኛ ጾም ሊጾም ቢያስብ፣ ኢንሱሊኑን እንደ ወትሮው ተወግቶ ሳይበላ ቢውል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና አስቀድሞ ይናገር። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋስም ይቅር፤ የጎረቤት በሽታ የእናንተ በሽታ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ስሕተት ቢደርስስ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚል ዓለም አቀፍ ጥሪ ሲያቀርብ፣ በመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ምክንያት ዓለም በየዓመቱ 42 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደምታወጣ ገምቷል። እንግዲህ ስሕተት የእኛ ብቻ፣ ወይም የሰነፎች ብቻ አይደለም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለስሕተትም ይሠራል። ያልተገባውን መድኃኒት የሰጠች ተማሪ ወዲያው ብትናገር ማርከሻ ሊገኝ ይችላል፤ ከፍርሃት የተነሣ ብትደብቀው ግን ሰውየውም ይጎዳል፤ ነገም ሌላዋ በዚያው መንገድ ትሳሳታለች። ስለዚህ እናንተ በየሥራው አለቃ የሆናችሁ ሁሉ፣ እውነቱን ፈጥና የተናገረችውን ከደበቀችው ለይታችሁ ተመልከቱ። የተናገረችው በተቀጣች ቁጥር የሚደብቁት ይበዛሉ።

እናንት ወጣት የነርስ ተማሪዎች ሆይ፤ ትልቅ ሰውን መጠየቅ መናቅ አይደለም። ማክበር መልካም ባሕላችን ነው፤ ነገር ግን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ከሁሉ የሚከበረው የተኛው ሰው ነው። ያልገባችሁን ጽሕፈት ገምታችሁ አታንብቡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ቢቆጡም ጠይቁ።

እናንተም አድማጮቼ፣ በሆስፒታል በተኛችሁ ጊዜ አንዲት ወጣት ነርስ ማለዳ ስማችሁን ጠይቃ፣ ቀትርም መጥታ «ስምዎ ማነው? የአባትዎስ?» ብትላችሁ፣ «ጠዋት ነግሬሽ አልነበረም ወይ?» ብላችሁ አትቆጡ። ማታም ብትመጣ ስማችሁን ከነአባታችሁ ከነአያታችሁ ንገሯት። እናንተም በተራችሁ «ይህ ምን መድኃኒት ነው? ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። ተጠይቃ የምትደሰት ከሆነ፣ በደኅና እጅ ላይ መሆናችሁን ዕወቁ።